ብርሃን ለካንሰር ሕክምና የዋለበት መንገድ
ብርሃንን ለካንሰር ሕክምና የማዋል ታሪክ ሥሩ በጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ፣ በኸርማን ፎን ታፓይነር ሥር ያጠና የነበረው የሕክምና ተማሪ ኦስካር ራብ፣ አክሪዲን የተባለ ቀለም፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር በሆነው ፓራሚሲየም ላይ ያለውን መርዛማነት ሲፈትን ውጤቱ ከቀን ቀን ተለያየበት። ልዩነቱን ያመጣው ብርሃን ነበር፤ ቀለሙና ብርሃኑ ለየብቻ ያን ያህል ጉዳት ሳያደርሱ፣ ሲገናኙ ግን ይገድላሉ። ራብ ልዩነቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ አለማለፉ ሊመሰገን ይገባል። ታፓይነር ኦክስጅንም የግድ እንደሚያስፈልግ አሳየ፤ በ1903 ከሐኪሙ ዬሲዮኔክ ጋር ኢዮሲን የተባለውን ቀለም በቆዳ ዕጢ ላይ ሞከረ።

በ1912 ሐኪሙ ፍሪድሪኽ ማየር-ቤትስ እንደነዚያ ቀለሞች በብርሃን የሚነቃውን ሄማቶፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር 200 ሚሊግራም በገዛ ደም ሥሩ ወጋ። ፀሐይ ሲነካው ፊቱ አብጦ ማንነቱ እስከማይለይ ደረሰ፤ ሕመሙም ለሳምንታት አለቀቀውም። መድኃኒቱ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር ለብርሃን ጉዳት ማጋለጡ ዛሬም የሕክምናው ፈተና ነው።

በ1970ዎቹ ተመራማሪው ቶማስ ዶኸርቲ በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ ሕክምናውን አስፋፋ፤ በ1993 ካናዳ ፎቶፍሪን የተባለውን በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ለፊኛ ካንሰር ፈቀደች። በ2003 ደግሞ የራይስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ናኦሚ ሃላስና ጄኒፈር ዌስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ አሳዩ፦ ወርቅ የተለበጡ የሲሊካ ናኖ ቅንጣቶች ሰውነትን ዘልቆ የሚገባውን የታሕተ ቀይ ጨረር ውጠው ወደ ሙቀት በመለወጥ የአይጦችን ዕጢ አቃጠሉ።