ስለ ሰንጢ አከፋፈት

ሰንጢ ትንሽ ዕቃ ናት። ሰው ኪሱን ሲዳብስ ከቁልፉና ከመሐረቡ ጋራ ያገኛታል እንጂ ስለ እርስዋ ተቀምጦ አያስብም። እኔ ግን በሠላሳ አምስት ዓመት የአስተማሪነት ዘመኔ ከተማሪዎች ኪስ ብዙ ሰንጢ አውጥቻለሁ። ከእነዚያም መካከል በአንዲቱ ምክንያት እስካሁን ስለሚቈጨኝ፥ የሰንጢን ታሪክ፥ ይልቁንም የአከፋፈትዋን ፍጥነት ነገር ጥቂት ልጽፍ አሰብሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ያስተውልልኝ።

ታጣፊ ቢላዋ አዲስ ነገር አይደለም። ከሮማውያን ዘመን የቀሩ፥ ስለታቸው ወደ እጀታቸው የሚታጠፍ ቢላዋዎች ከመሬት ተቈፍረው ወጥተው በኤውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ። በኋላ ዘመን የእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ ባለ እጆች ከእጀታው ጀርባ የብረት ሞላ እያስገቡ፥ ስለቱ ሲከፈትም ሲታጠፍም ሞላው ተጭኖ እንዲይዘው አደረጉ። ሞላው ጠንካራ ስለ ሆነም በስለቱ ጎን ጥፍር የምትገባባት ትንሽ ጐድጓዳ መስመር ቀረጹለት። እንግዲህ አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል፥ የሌላው እጅ ጥፍር ስለቱን ይስባል። እንግሊዞች ትንሿን ሰንጢ እስከ ዛሬ «የብርዕ ቢላዋ» የሚሏት፥ አባቶቻቸው የላባ ብርዕ ይቀርጹባት ስለ ነበር ነው። የእኛም ጸሐፊዎች መቃቸውን በቢላዋ ይቀርጹ ነበርና ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ነበሩን። ሰኞ ጧት የክፍሉን እርሳስ ሁሉ በጠረጴዛቸው ላይ ሰብስበው፥ እጀታዋ ቀንድ የሆነ ሰንጢ ከኪሳቸው ያወጡና በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ይከፍቷታል። ከዚያ ወዲያ አርባውን እርሳስ ቀርጸው እስኪጨርሱ ድረስ አትታጠፍም። አንድ ጊዜ ተከፍታ አርባ ጊዜ ሠራች ማለት ነው። ስለ አከፋፈትዋ የሚጨነቅ ሰው ባየሁ ቍጥር እኒያን አስተማሪ አስታውሳለሁ።

እኔም የሒሳብ አስተማሪ ስለ ነበርሁ ነገሩን በሰዓት ለክቼዋለሁ። በጥፍር የምትከፈተዋን ሰንጢዬን ከኪሴ አውጥቶ ለመክፈት 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅብኛል። በአንድ አውራ ጣት የምትከፈተዋ የልጄ ሰንጢ ግን 1 ሰከንድ ይበቃታል። ትርፉ 2 ሰከንድ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ብከፍታት 20 ሰከንድ፥ በዓመት 7,300 ሰከንድ፥ ይኸውም 2 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። መነጽሬን ስፈልግ የማጠፋው ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ሰንጢ ሠሪዎችም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በፈረንሳይ አገር በሳቮይ ተራሮች ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ወጣት በ1890 ዓ.ም. የእንጨት እጀታ ያላት ቀላል ሰንጢ ሠራ፤ ገበሬውም ወደዳት። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ቤት ማርሴል ኦፒኔል የሚዞር የብረት ቀለበት ጨመረባት። ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ቀለበቱን ዞር ሲያደርጉት ስለቱ ድንገት ታጥፎ ጣት እንዳይቈርጥ ይከለክለዋል። ስለዚህ ሰንጢዋ ከቀድሞው ይልቅ ዘገየች። ገዢው ግን አልቀነሰም፤ ጣቱን ከ1 ሰከንድ አብልጦ ይወዳልና። በስዊስ አገርም ካርል ኤልስነር በ1891 ዓ.ም. ለአገሩ ጦር ማቅረብ የጀመረውና በ1897 ዓ.ም. የመኰንኖች ብሎ ያስመዘገበው፥ ዓለም ሁሉ ያወቀው ሰንጢ በጥፍር የሚከፈት ነው።

ታዲያ ፍጥነት ከየት መጣ? አዝራር ሲጫኑት ስለቱ ተፈናጥሮ የሚወጣ ሰንጢ በአሜሪካ በ1890ዎቹ ዓመታት ጆርጅ ሽሬድ በተባለ የኒውዮርክ ሰው እጅ ተሻሽሎ ለገበያ በቃ። እውነተኛ ጥቅሙ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታየ። ከአውሮፕላን የዘለለ ወታደር ጃንጥላው ከዛፍ ጋራ ቢያያዝበት፥ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው ገመዱን መቍረጥ አለበት። ስለዚህ ጀርመኖች ስለቱ በገዛ ክብደቱ ወርዶ የሚወጣ ቢላዋ፥ አሜሪካኖችም ባለ አዝራር ሰንጢ ለወታደሮቻቸው ሰጡ። ለዚያ ሰው አንድ ሰከንድ ሕይወቱ ናት።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አሜሪካኖች ወታደሮች ከኢጣልያ ቀጫጭን ባለ አዝራር ሰንጢ እየያዙ ወደ አገራቸው ገቡ። የከተማ ጐረምሶችም ያዙት። በ1950 ዓ.ም. አንድ የሴቶች መጽሔት «የሚገድል መጫወቻ» በሚል አርእስት ጻፈበት፤ ፊልሞችም አሳዩት። በመጨረሻም በ1958 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባለ አዝራር ሰንጢ ከአንዱ ክፍለ አገር ወደ ሌላው እንዳይነገድ ሕግ አወጣ። እንግሊዝም በ1959 ዓ.ም. መሥራቱንና መሸጡን ከለከለች። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። በጥፍር የምትከፈት ሰንጢ ከተቈጣ ሰው ሁለቱንም እጁን ትፈልጋለች፤ ሁለት እጁን ለሰንጢ የሰጠ ሰው ደግሞ የባላጋራውን አንገትጌ ለቋል። በጠብ መካከል 3 ሰከንድ አንድ ገላጋይ ይገባባታል። (ሁልጊዜ ክፍት የሆነውን የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ማንም አልከለከለም፤ እርሱን ልተወው።)

እኔም በትምህርት ቤቴ ሕግ አውጪ ነበርሁ። በ1988 ዓ.ም. ከአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ኪስ ባለ አዝራር ሰንጢ አገኘሁ። አዝራርዋን ስጫናት ስለትዋ ቧ ብላ ወጣች፤ ልጆቹም ጮኹ። ልጁ «የአባቴ ናት» ሊል ጀመረ፤ ዝም አሰኘሁት። ሌሎቹ እንዲማሩበት ብዬ በሁሉ ፊት ከሽንት ቤቱ ጕድጓድ ጣልኋት።

በሳምንቱ አባትየው መጡ። በበሩ ላይ ግራ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ንቀት መስሎኝ ፊቴን አጠቈርሁ። በኋላ ባይ የቀኝ እጅጌያቸው ባዶ ነው፤ የወፍጮ ቀበቶ ወስዶባቸው ኖሯል። ስለ ሰንጢዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። በብብታቸው ሸንኮራ ይዘዋል። ከኪሳቸው አሮጌ የጥፍር ሰንጢ አውጥተው፥ «መምህር፥ እባክዎን ይችን ይክፈቱልኝ፤ ለልጁ ሸንኮራ ልቈርጥለት ነው» አሉኝ። ከፈትሁላቸው። ሲሥቁ የፊት ጥርሳቸው ተሸርፎ አየሁ። ሌላ ቀን ልጁን ብጠይቀው፥ ያችን ባለ አዝራር ሰንጢ አንድ የሾፌር ዘመድ ከጅቡቲ እንዳመጣላቸው፥ ሞላዋ ላልቶ ባለ እጅ ዘንድ ሊያደርሳት እንደ ያዛት፥ እርስዋ ሳትመጣ በፊት አባቱ የሚከፍቱት በጥርሳቸው እንደ ነበር ነገረኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የዚያን የ1958 ሕግ ቃል አነበብሁ። ከአንድ አንቀጽ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥሁ። አንድ ክንድ ብቻ ያለው ሰው፥ ስለቱ ከ3 ኢንች ካልበለጠ፥ ባለ አዝራር ሰንጢ ይዞ መሄድ ይችላል ይላል። ያን ሁሉ ጩኸት ሰምተው የፈሩት ሰዎች እንኳ ስለ አንድ ክንዱ ሰው ቆም ብለው አስበዋል። እኔ አላሰብሁም።

ከዚያ ወዲህ ብልኀተኞች ያለ ሞላ ፍጥነት የሚገኝበትን መንገድ አገኙ። በ1981 ዓ.ም. ስፓይደርኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ በሳበት፤ አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ አርፎ ስለቱን ይገፋዋል፥ ለቀኝም ለግራም እጅ ይሆናል። መንግሥታት ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በ2008 ዓ.ም. የስዊስ ጦር እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለውን ሰንጢ ለወታደሮቹ ሲመርጥ፥ በዚያው ዓመት ጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቈለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መሄድን ከለከለች።

ከቀዳዳዎቹ አንዲቱን ገዛሁና የእኒያን ሰው መንደር ጠየቅሁ። ሞተዋል። ልጁ ግን አለ፤ ፀጕሩ ሸብቷል፥ በቀበሌው ውስጥ አናጢ ነው። ሰንጢዋን ስሰጠው ጐንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አከፋፈትዋን በአውራ ጣቴ አሳየሁትና መለስሁለት። እርሱም ጥቂት አገላብጦ አያት፤ ቀኝ እጁን ወደ ኋላው ወስዶ ደበቀና በግራው ከፈታት።