የትንኟ ስም የማን ነው?

በጠጅ ብርሌ አፍ ላይ፣ በበሰለ ሙዝ ዙሪያ የምታንዣብበውን ቀይ ዓይን ትንኝ የማያውቅ የለም። እጁን አወናጭፎ ያባርራታል እንጂ «ስምሽ ማነው?» የሚላት የለም። የባዮሎጂ ተማሪ ብቻ «ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር» ብሎ ይጠራታል። ታዲያ ይህ ስም የእሷ ነው ወይ? ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ሊቃውንትን ያሟገተ ጉዳይ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በ1787 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የዴንማርኩ ፋብሪሲየስ አንዲት ትንኝ «ፉኔብሪስ» ብሎ መዘገበ። በ1823 ስዊድናዊው ፋሌን «ድሮሶፊላ» የተባለውን ወገን አቆመ፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን «ጤዛ ወዳድ» ማለት ነው። የወገኑም አብነት ሆና የተያዘችው ፉኔብሪስ ናት። የእኛዪቱ የመጣችው ዘግይታ ነው። በ1830 ጀርመናዊው ማይገን «ሜላኖጋስተር» አላት፤ «ሆደ ጥቁር» እንደ ማለት ነው።

ሆደ ጥቁሯን ዝነኛ ያደረጋት ግን ቤተ ሙከራ ነው። በ1910 በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ከቀይ ዓይኖቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ወንድ አገኘ። የዘር ውርስ በክሮሞዞም እንደሚተላለፍ ያሳየው ምርምር በዚህች ትንኝ ላይ ቆመ፤ ሞርጋንም በ1933 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከረዳቶቹ አንዱ ስተርተቫንት ገና እንደኛው የዲግሪ ተማሪ ነበር። የቤት ሥራውን ትቶ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የመጀመሪያውን የጂን ካርታ ነደፈ፤ በ1913 ታተመ። (ለቤት ሥራ ሰነፎች ማመካኛ እንዳይሆን አደራ!)

ይኸው ስተርተቫንት በ1939 ድሮሶፊላን በንዑስ ወገኖች ከፋፈለ። ሜላኖጋስተርን ከፉኔብሪስ ለይቶ «ሶፎፎራ» በሚባለው ውስጥ አገባት፤ ትርጉሙ «ጥበብ ተሸካሚ» ነው። ለዋለችው ውለታ የሚገባ ስም! ነገሩ ግን እዚህ አልቆመም። ኋላ የዘር ሐረጉ በዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር፣ «ዛፕሪዮነስ» የሚባሉትና ሌሎችም በሌላ ወገን የተመዘገቡ ትንኞች ከሜላኖጋስተር ይልቅ ለፉኔብሪስ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከ1,500 በላይ ዝርያ የያዘው ድሮሶፊላ፣ የቅርብ ዘመዱን ውጭ አሳድሮ የሩቁን አልጋ ላይ ያስተኛ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ቤቱ ይከፈል ቢባል ስሙ ለማን ይቀራል? የእንስሳት ስያሜ ሕግ መልሱ ግልጽ ነው፤ ስም ከአብነቱ ጋር ይሄዳል። ፉኔብሪስ «ድሮሶፊላ» እንደተባለች ትቀራለች፤ ዝነኛይቱ «ሶፎፎራ ሜላኖጋስተር» ትሆናለች። በዚህ የሰጉ ተመራማሪዎች በ2007 ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አቤት አሉ። «አብነቷ ሜላኖጋስተር ትሁን፤ ስንት መጽሐፍና ጥናት በዚህ ስም ተጽፏል!» ነው ነገራቸው። ኮሚሽኑ በ2010 አቤቱታውን አልተቀበለውም። ያም ሆኖ ቤቱ ስላልተከፈለ ትንኟ ዛሬም ድሮሶፊላ ናት።

አንዳንዱ «የስም ጭቅጭቅ ምን ይፈይዳል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። የአመልካቾቹ ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ ስም ሲለወጥ የቆየው ጽሑፍ ከአዲሱ ይለያያል። ይሁንና ዝና ሕግን ከሻረ፣ ነገ የማንኛውም ነገር ስም ብዙ ላወራለት ይሆናል። ደግሞስ እኛ ክፍል ውስጥ ወገንና ዝርያን እንደ ጸሎት በቃላችን እንሸመድዳለን፤ ምደባው ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው የሠራው፣ ማስረጃ ሲመጣ የሚፈተን ነው። ነገ ከማይክሮስኮፑ ፊት ስንቀመጥ ስሟን ብቻ አንጻፍ፤ «ማን አላት? ለምን አላት?» ብለን እንጠይቅ።