የቅኔ ቤት ለፈጣን ተማሪ የሚሰጠው ሥራ

ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትምህርቱን ቀስ ብሎ ይጨብጣል፤ ሌላው መምህሩ ተናግረው ሳይጨርሱ ይገባዋል። ለዚህ ለፈጣኑ ምን ሥራ ይሰጠው? እኛ በክፍል ውስጥ ያየነው መልስ ብዙ ጊዜ «ጓደኞችህ እስኪጨርሱ ዝም ብለህ ተቀመጥ» የሚል ነው። አባቶቻችን ግን ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ነበራቸው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማችንን ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ፣ በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቀች የሊቃውንት መናኸሪያ ሆነች። ወደ ትርጓሜ ቤት ለመግባት ግን አስቀድሞ ቅኔ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የቅኔ መምህር ፍለጋ ይዞራል፤ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ጎጃም፣ እስከ ዋሸራና እስከ ጎንጅ የሚደርስም አለ።

በቅኔ ቤት መምህሩ ቅኔ አሰምተው ምሥጢሩን ይፈታሉ፤ ግሱንና አገባቡንም ያስረዳሉ። ከዚያም ተማሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ በግእዝ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። በመጨረሻም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይታረማል። የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ዕለት ዕለት አዲስ መፍጠር ግድ ነው።

ሥራውም እንደ ተማሪው ችሎታ ከፍ ይላል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። የቻለው ያልቻለውን ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ይልቁንም የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ ያቃናል። በዚህም ፈጣኑ አይሰለችም፤ ዘገምተኛውም ረዳት ያገኛል።

እርግጥ ነው፣ ያ ትምህርት ጉድለት አልነበረውም አንልም። ረኀቡ ብርቱ ነበር፤ ከሴቶችም ዕድሉን ያገኙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ጥንካሬው በመከራ ቀን ታይቷል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ በሊቃውንቱ ልብ የተጻፈው ትምህርት ግን ከቃል ወደ ቃል እየተላለፈ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን በዓል ምክንያት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ በአማርኛ ትምህርት ጊዜ አንድ ኅብረ ቃል ይሰጠውና ሰምና ወርቅ ይፍጠርበት። አንጥረኛ ወርቁን የሚያፈስሰው በሰም በተሠራው ቅርጽ ውስጥ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። በንግግርም ላይኛው ትርጉም ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ ነው። ተማሪው የሠራውንም ለጓደኞቹ ያቅርብ፤ እነርሱም ምሥጢሩን ይፍቱ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የመምህርና የተማሪ ትጋት ይበቃል።

እኛም እስቲ እንሞክር። ወላጆቻችን «ልጆች፣ ትምህርታችሁን ጨረሳችሁ?» ብለው ቢጠይቁን መልሳችን «ጨዋታችን ገና ነው» የሚል ነው። ሰሙ በሜዳ የምንጫወተው ገና ነው፤ ወርቁን አንባቢዎቻችን ይፍቱት።