«ዛሬ አይሆንም» የሚለው ሐኪም

እስቲ ወደ ፊሊፒንስ ልውሰዳችሁ፣ ናጋ ወደምትባል ከተማ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1982 ነው። ከአሜሪካ የመጡ ሐኪሞች፣ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን በነፃ ሊያክሙ ደርሰዋል። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ማጊና ነርሷ ባለቤቱ ካትሊን አብረው አሉ። ወሬ መቼ እግር ያጣል? ወደ 300 የሚጠጋ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ተሰለፈ። የተሠራላቸው 40 ያህል ናቸው። የቀረው እንደመጣ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ነገሩ አላስተኛ ቢላቸው በዚያው ዓመት ኦፕሬሽን ስማይል የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

ይህ በየመድረኩ የሚነገር ታሪክ ነው። እኔ ግን ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ሰው ነው፦ የዓመት ፈቃዱን ሰጥቶ በእንዲህ ያለው ዘመቻ ስለሚሳተፈው የሕፃናት ሐኪም። ቢላዋ አይጨብጥም፤ ቦታው ከቀዶ ክፍሉ በፊት፣ ልጆቹ የሚመረመሩበት ጠረጴዛ ነው።

አንዲት እናት ሌሊቱን ተጉዛ መጣች እንበል። ከንፈሩን የሚመለከተው ሌላ ሐኪም ነው፤ የኛ ሰውዬ ልጁን ሚዛን ላይ ያወጣዋል፣ ደሙን ያስመረምራል። ልቡን ያዳምጣል፤ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የልብ ጉድለትም ይዘው ይወለዳሉና። ያተኩሰዋል? ያስላል? አፍንጫው ይፈስሳል?

ሐኪሞች የሚመሩበት አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ሦስት ዐሥሮች። ከንፈሩ ሊሰፋለት ሕፃኑ 10 ሳምንት ይሙላው፣ 10 ፓውንድ ይመዝን (በእኛ 4.5 ኪሎ ገደማ)፣ በደሙ ያለው ሄሞግሎቢንም 10 ይድረስ። ግን ላንቃውም የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ራሱ ሚዛኑ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ጉንፋንስ ምን ቁም ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ልጅ የአየር ቧንቧው በቀላሉ ይቆጣል፤ ሰመመን ውስጥ ሳለ ጉሮሮው ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ቤቱ ቢሆን በጥቂት ቀን የሚለቀው ንፍጥ ቀዶ ጠረጴዛው ላይ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ዛሬ አይሆንም፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይምጣ» ይላል። ዘመቻው ግን ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ብዙም አይዘልም! ተመልሳ ስትመጣ ማንን ታገኛለች? ይህን በአስተርጓሚ አፍ መናገር የእሱ ዕጣ ነው። «ትንሽ ንፍጥ እኮ ነው፣ ዶክተር» ትለዋለች። እውነቷን ነው። እሱም ግን እውነቱን ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዘመቻው ሁሉ ከባዱ ሥራ ይህ ነው። የተሠራለት ልጅ ከነፈገግታው ፎቶ ይነሣል፤ የተመለሰውን ማንም ፎቶ አያነሣውም። ደግሞ ሥራው እዚያ አያበቃም። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲወጣ፣ የነቃው ልጅ ደም እንዳይፈስሰው፣ ትንፋሽ እንዳያጥረው ማታውን የሚከታተለው ይኸው ሰው ነው።

መፍትሔው «ተመልሰሽ ነይ» ሲባል የሚጠብቅ ቋሚ ቤት መኖሩ ነው። ኦፕሬሽን ስማይል ራሱ ጅማ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ጋር መሥራቱ ለዚህ ይበጃል። የእኛው የሕፃናት ልብ ሐኪም ዶክተር በላይ አበጋዝም ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1989 እ.ኤ.አ. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ልጆቹ የሚታከሙት ባሕር ማዶ እየተላኩ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የውጭ በጎ ፈቃደኞች ወደ ልጆቹ ይመጡ ጀመር፣ የእኛም ባለሙያዎች አጠገባቸው ቆመው ተማሩ።

እናንተ ግን ዘመቻ አትጠብቁ። በጎረቤታችሁ ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ካለ ወላጆቹን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ላኩ። ከንፈሩ ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ፣ ላንቃው ዓመት ገደማ ሲሞላው ሊሠራለት ይችላል። እስከዚያው ጡት መሳብ ካቃተው እናቱ ወተቷን አልባ፣ ቀና አድርጋ ይዛ፣ በኩባያ ወይም በማንኪያ ትስጠው፤ ክብደቱንም በየጊዜው ታስመዝን።