የአንጎል ሥዕልና የሕፃኑ ዕጣ

በአገራችን የሚጥል በሽታ ታሪክ ሐኪም ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በ60,820 ሰዎች ላይ ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ በሽታው ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉን ይዞ መገኘቱ ታወቀ። ከሕሙማኑ መካከል በታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታከሙት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የተቀረው ዓለም ሐኪም የአንጎልን ውስጥ ማየት ጀምሮ ነበር። ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1919 ወዲህ፣ በአከርካሪ በኩል አየር አስገብቶ በራጅ ማንሳት ልማድ ነበር፤ ይህም ለሕፃን ከባድ ሥቃይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ ተሞከረ፤ ኋላም ኤም አር አይ መጥቶ ጥቃቅን ጠባሳዎችንና ከውልደት በፊት የተዛባ የአንጎል ቅርፊትን አሳየ።

የዚህ ሥዕል ጥቅም የሕፃኑን የወደፊት ዕጣ ማመልከቱ ነው። ጉዳቱ በአንድ ስፍራ ተወስኖ ከተገኘ፣ በመድኃኒት ብቻ የመዳን ተስፋው ሲቀንስ የቀዶ ሕክምና ተስፋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዴልሂ በወጣው ጥናት፣ መድኃኒት ካልበገራቸው 116 ልጆች መካከል በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 77 በመቶው በዓመቱ ከመውደቅ ነፃ ሲሆኑ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ነፃ የሆኑት 7 በመቶ ነበሩ።

ይሁን እንጂ «መድኃኒት የማይበግረው» የሚለው ስያሜ ትርጉም አለው። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 እንደደነገገው፣ በአግባቡ ተመርጠው በበቂ መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ሳያስታግሱት ሲቀሩ ነው።

እንግዲህ ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከጂሌ ጥሙጋ ገጠር ወደ ከሚሴ የመጣን አንድ ሕፃን እናስብ። ፌኖባርቢታል ተሰጠው፤ መድኃኒቱ አልቆበት ወይም የመንገዱ ወጪ ከብዶ ተቋረጠ፤ ሕፃኑም እንደገና ወደቀ። ይህን ልጅ መድኃኒት አልበገረውም ብሎ መጻፍ በደል ነው፤ ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳልና።

ስለዚህ ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጦ ወደ ሩቅ ከተማ ለሥዕል ከመጓዙ አስቀድሞ እናቱን በሚገባት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ልጁ ምን ያህል እንደወሰደና መቼ እንዳቋረጠ እንጠይቅ። ሁለቱ መድኃኒቶች በእርግጥ ተሞክረው ከከሸፉ ግን መዘግየት አይገባም፤ ልጁ በየቀኑ ከእሳትና ከወንዝ አጠገብ ይውላልና።