ሁለቱ ሳሞአዎችና የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ

በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1918) በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሕዝብ በሚፈጅበት ወቅት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኙት የሳሞአ ደሴቶችም ከዚሁ አደጋ ጋር ተፋጥጠው ነበር። ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያስተዳድሩት ነበር።

ጥቅምት 28 ቀን ታሉን የተባለችው መርከብ ከኦክላንድ ተነሥታ፣ ሕሙማንን እንደ ጫነች የምዕራቡ ወደብ ከሆነው አፒያ ደረሰች። በጉዞዋ ላይ በፊጂ በኳራንቲን ሥር የቆየች ብትሆንም፣ በአፒያ መንገደኞቿ እንዲወርዱ ተፈቀደ። በሁለት ወራት ገደማ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ።

የምሥራቁ አስተዳዳሪ ጆን ፖየር በአንጻሩ በመርከቦች ላይ ጥብቅ ኳራንቲን ጣለ። ነዋሪዎችም ከምዕራብ የሚመጡ ጀልባዎች እንዳይጠጉ ዳርቻውን ጠበቁ። በዚያ በኢንፍሉዌንዛ የሞተ ሰው አልተመዘገበም።

የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ምልክት ሳያሳይ ከ1 እስከ 4 ቀናት ስለሚቆይና ምልክቱ ከመታየቱ 1 ቀን ያህል አስቀድሞ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ የመግቢያ በር ምርመራ ብቻውን በቂ አይደለም። ትኩሳት መለኪያ የታመመውን ይለያል፤ ኳራንቲን ግን ገና ያልታመመውንም ይይዛል። ይሁን እንጂ ባሕር የከበበው ደሴት የቻለውን፣ ሰፊ የየብስ ድንበር ያለው አገር በቀላሉ አይችለውም። ስለዚህ የበር ምርመራ ከአገር ውስጥ የበሽታ ቅኝት ጋር ሊቀናጅ ይገባል።

የኒውዚላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ አስተዳደሩ በደሎች የሳሞአን ሕዝብ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የታሉን ጉዳይም በውስጡ ነበረበት። በአንድ ወደብ የተሰጠ ፈቃድ ከ84 ዓመታት በኋላም አልተረሳም።