ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ጉድለት ያገኘ ሸማች መብቱና የጊዜ ገደቡ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል መወሰኑ ይታወሳል። ውሳኔዎቹ ገበያውን በአጭር ጊዜ ለውጠውታል። በእነዚያ ዓመታት የገቡት መኪኖች ዛሬ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት እያገኙ ነው።

ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በከተማዋ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲፈልግ አዲስ አበባ ወደሚገኝ መኪና መሸጫ ይሄዳል፤ አለዚያም በዘመድና በደላላ አማካይነት ይገዛል። የሚከፍለው ገንዘብ የዓመታት ቁጠባ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተገኘ ብድር ሊሆን ይችላል። መኪናው ጉድለት ሲገኝበት ሻጩ አዲስ አበባ፣ ገዥውና መኪናው ባሮ ዳር ናቸው። ሕጉ ለገዥው የሰጠው መብት የሚናቅ አይደለም። ችግሩ መብቱ በቀናት የተወሰነ መሆኑና ቀኖቹም በመንገድ ላይ ማለቃቸው ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተሸጠው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝም፣ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ወይም የውል ቃል ካለ እርሱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሸማቹ ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ቀኑ የሚቆጠረው መኪናው ጋምቤላ ከደረሰበት ዕለት ሳይሆን ከተገዛበት ዕለት መሆኑ ነው። ስም ለማዛወር ጥቂት ቀናት ይሄዳሉ፤ መኪናውን በጭነት ለማስመጣትም እንዲሁ። ገዥው በራሱ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ አድርጎ ባትሪው ምን ያህል እንደሚያስኬድ በሚገባ ሲያውቅ ከ15ቱ ቀናት አብዛኛው አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት መኪናው ከአዲስ አበባ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ይህ አዋጅ ሁሉንም ገዥ አይሸፍንም። በአዋጁ አነጋገር ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው። በመሆኑም አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ የገዛው ተሽከርካሪ ጉድለት ቢገኝበት ኃላፊዎቹ የ15 ቀኑን ድንጋጌ ይዘው መከራከር አይችሉም፤ የሚያዋጣቸው የግዥ ውላቸውና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በሌላ በኩል ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን መኪናውን በደላላ የሚሸጥ ግለሰብ ከሆነ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ብዙም አይረዳም። ብዙ ገዥዎች ከመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ስለገዙ ብቻ ከነጋዴው የገዙ ይመስላቸዋል። ግቢው መኪናውን ያቆመ ብቻ ሆኖ በውሉ ላይ የሰፈረው ስም የአንድ ግለሰብ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት በሊብሬው ላይ ያለውን ስም፣ የንግድ ፈቃዱንና ደረሰኙን ማመሳከር ያስፈልጋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰፋ ያለ መንገድ ይከፍታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ለመዋል የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይባላል። ገዥውም ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ማስታወቂያውን ከሰጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ካላቀረበ ደግሞ፣ ሻጩ በተንኮል ያዘገየው ካልሆነ በቀር፣ በአንቀጽ 2298 መሠረት መብቱን ያጣል። በስልክ የተነገረ አቤቱታ ሻጩ ሲክድ የሚያስረዳው የለምና ማስታወቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት። ቀን፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የተገኘው ጉድለትና የተጠየቀው መፍትሔ ይስፈርበት፤ አንዱ ቅጂም ሻጩ ተቀብሎ ይፈርምበት፤ ይህ ካልሆነ በአደራ ፖስታ ይላክ።

በብዙ የመኪና ሽያጭ ውሎች ውስጥ ገዥው መኪናውን «አይቶና መርምሮ ባለበት ሁኔታ» እንደተቀበለ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ሻጮች ይህን ቃል የመጨረሻ መልስ አድርገው ያቀርቡታል። በእርግጥ ገዥው እያወቀ የተቀበለው ወይም ለማንም ግልጽ የነበረ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። ይሁን እንጂ ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት እንዲህ ያለ ቃል አይሸፍንለትም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ወይም የባትሪው ማስጠንቀቂያ ከዳሽቦርድ ላይ እንዲጠፋ ተደርጎ ከተገኘማ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ክርክር ያልፋል፤ እንደ ሁኔታው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የደነገገውን የማታለል ወንጀል ሊያስነሣ ይችላል።

ለመሆኑ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጉድለት የሚባለው ምንድን ነው? የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ያለው በባትሪው ውስጥ ነው። ባትሪ ደግሞ በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህ እንደ ጎማ ማለቅ ያለ የተለመደ ነገር ነው። ክርክሩ የሚነሣው ቅነሳው ሻጩ ከተናገረው ወይም ከመኪናው ዕድሜ ከሚጠበቀው ሲበልጥ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና የታየው የኒሳን ሊፍ ጉዳይ ነው። ባትሪው በፈሳሽ የማይቀዘቅዘው ይህ መኪና በፊኒክስ ከተማ ሙቀት አቅሙን ከተጠበቀው በላይ በፍጥነት በማጣቱ ባለቤቶቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ኩባንያው በመጨረሻ በዳሽቦርዱ ላይ ካሉት 12 የአቅም መስመሮች ከ9 በታች የወረደ ባትሪ በ5 ዓመት ወይም በ96 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲጠገን ወይም እንዲለወጥ ዋስትና ሰጠ። ገዥዎቹን የጠቀማቸው ጉድለቱ በቁጥር መገለጹ ነበር። «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» የሚል አቤቱታ የሚመዘንበት ነገር የለውም፤ «አቅሙ 90 በመቶ ነው ተብሎ ተሸጦልኝ 68 በመቶ ሆኖ ተገኘ» የሚለው ግን ይመዘናል።

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። በመሆኑም የአዲስ አበባ ገዥ ችላ ሊለው የሚችለው ጥያቄ፣ ማለትም ባትሪው በፈሳሽ ይቀዘቅዛል ወይስ በአየር ብቻ የሚለው፣ ለጋምቤላ ገዥ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት። የባትሪውን ቀሪ አቅም በዲያግኖስቲክ መሣሪያ አስነብቦ ውጤቱን በወረቀት ማግኘትና ከውሉ ጋር ማያያዝ ሊታለፍ የማይገባ ነው። ሻጩ ይህን ምርመራ ካልፈቀደ ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል።

ሁሉም ብልሽት ግን የባትሪ ጉድለት አይደለም። መኪናው ድንገት አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዋናው ባትሪ ሳይሆን እንደማንኛውም መኪና ያለው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መድከም ነው፤ እርሱ ሳይታይ ለክስ መነሣት ያሳፍራል። በቤት ሶኬት የሚሞላ መኪና መዘግየቱም ጉድለት አይባልም። በ220 ቮልትና በ10 አምፒር የሚሠራ ቻርጀር የሚሰጠው 2.2 ኪሎ ዋት ስለሆነ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ ከ27 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ የሚወጣው ዳገትም እንዲሁ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ከተራው የመንገድ ፍጆታ በተጨማሪ፣ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሻጩ ጉድለቱን በዳገቱና በሙቀቱ ሊያሳብብ ስለሚችል ልኬቱን በሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በጋምቤላና በኢታንግ መካከል፣ ወስዶ መመዝገብ ይመረጣል።

ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጡ መኪኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። የቻርጅ መሰኪያቸው በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው፤ የስክሪናቸው ቋንቋም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። አምራቹ ለአገሩ ገበያ የሰጠው ዋስትና ኢትዮጵያ ድረስ ይከተላል ብሎ መገመት አይቻልም፤ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። በተጨማሪም በቻይና ሳይነዱ ስም ወጥቶላቸው «ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገሉ» እየተባሉ የሚሸጡ መኪኖች ጉዳይ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የግሬት ዎል ሞተር ሊቀ መንበር ዌይ ጂያንጁን በይፋ አንሥተውት አነጋጋሪ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ ቢመስልም የዋስትናው ዘመን መቆጠር ከጀመረ ሊሰነብት ይችላል።

ውሉ ሲጻፍ ሁለት ነገሮች በተለይ ይታሰብባቸው። አንደኛው ዋጋው ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ገንዘብ መጻፍ ተለምዷል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ፣ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚል ክርክር ሲነሣ ሻጩ መልሱን የሚጀምረው ከተጻፈው ቁጥር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ገዥ ደግሞ ልዩነቱን በአደባባይ ለማስረዳት ምን አፍ ይኖረዋል? ሁለተኛው የርክክቡ ቦታ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የውል ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤትም ሊቀርብ ይችላል። ርክክቡ ጋምቤላ ላይ እንደሚፈጸም በውሉ ከተጻፈ ገዥው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ የመመላለስ ዕዳ ሊቀርለት ይችላል።

አቤቱታ የሚቀርብበትን መሥሪያ ቤት በተመለከተ፣ ቀድሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረው ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። በክልል ደረጃ የሚመለከተው የንግድ ቢሮው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ክልሎች የሸማቾችን መብት የሚመለከት የዳኝነት አካል እንዲያቋቁሙም ፈቅዷል። ሻጩ አዲስ አበባ በሚሆንበት ጊዜ የክልሉ ቢሮ ባለሙያ አቤቱታውን «ከእኛ ክልል ውጭ ነው» ብሎ ከሚመልስ ተቀብሎ ቀኑን መዝግቦ በደብዳቤ ቢያስተላልፍ ለሸማቹ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የ15 ቀኑ ገደብ ለጠረጴዛ ለጠረጴዛ መንከራተት ጊዜ አይሰጥምና።

ክርክሩ እስኪያልቅ መኪናው ባለበት መቆየት አለበት። ባትሪውን በአቅራቢያ ጋራዥ ማስከፈት ለሻጩ «እናንተ አበላሻችሁት» የሚል መልስ ከመስጠቱም በላይ ለሕይወት አደገኛ ነው። ባሮና ሌሎቹ ወንዞች በሚሞሉበት ክረምት ጎርፍ የገባበት መኪና በባለሙያ ሳይታይ ቻርጅ ላይ እንዳይሰካ፤ ውኃው የደረሰበት ከፍታና ዕለቱም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይቀመጥ።